ድሬ ላይ የግጥም ፌስቲቫል እንዴት ይዘጋጃል?

ድሬዳዋ ላይ የሁለት ወይም የሦስት ቀን የግጥም ፌስቲቫል ለማዘጋጀት ካሰባችሁ፣ ገጣሚ ከመጥራታችሁም ስፖንሰር ከመፈለጋችሁም በፊት አንድ ወረቀት አውጡና የከተማዋን ቀን ጻፉ። ጠዋት ገበያ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ከፀሐይ ይሸሻል። ከሰዓት በኋላ የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ ሰዓት ነው። ያን ጊዜ መድረክ ዘርግታችሁ ሰው አልመጣም ብትሉ የሚያዝንላችሁ የለም። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ከተማዋ እንደገና ትነቃለች። ጀምበር ስትጠልቅ ደግሞ ሰው ተጣጥቦ ይወጣል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ወንበር ይዘረጋል፣ ጨዋታው ይደራል። ፌስቲቫሉ መቀመጥ ያለበት እዚህች ላይ ነው።

ይህን የማነሳው ብዙ አዘጋጅ የአዲስ አበባውን ፕሮግራም እንዳለ ገልብጦ ስለሚያመጣው ነው። አዲስ አበባ ግጥምን በጃዝ በሆቴል አዳራሽ አስለመደችን፣ እሰየው። ግን አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። ሹራብ ለብሶ የተቀመጠ ሰውና ሽርጥ አገልድሞ የወጣ ሰው እኩል ሰዓት አይታገሱም።

መጀመሪያ ቀኑ

ግንቦትና ሰኔን እርሱት፣ ሙቀቱ ማታም አይለቅም። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው የሚመቸው። ከዚያ ውስጥ ግን ታኅሣሥ 19 አካባቢን ዝለሉ። ቁልቢ ገብርኤል ነው። ከየአገሩ የሚመጣው ምዕመን ድሬ ላይ ስለሚያድር አልጋ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ሐምሌ 19ም ያው ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ ዘንድሮ ነፃ የነበረው ሳምንት በሚቀጥለው ዓመት ጾም ሊሆን ይችላል። የሁለቱንም እምነት የዘመን መቁጠሪያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ግማሹ ከተማ እያፈጠረ ግማሹ ግጥም የሚሰማበት ምሽት ማንንም አያስደስትም።

የዓለም የግጥም ቀን ይሁንልን የምትሉ ከሆነ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 የሰየመው ቀን መጋቢት 12 ላይ ይውላል። ጥሩ ሰበብ ነው፣ ለስፖንሰር ደብዳቤም ያምራል። ብቻ የበልግ ዝናብ የሚጀምርበት ወቅት ስለሆነ ከላይ ሸራ ወይም ጣራ ያለው ቦታ ያዙ።

ቦታ

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ከተማዋን የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እንዳታስቡ። አሸዋው ደርቆ፣ ሰፍቶ፣ ለመድረክ የተሠራ ሲመስል አንዳንድ ሰው ይጓጓል። ወንዙ ግን ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ ድንገት ይሞላል። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እዚያ አሸዋ ላይ ወንበር ደርድሮ ግጥም ማንበብ ለድሬ ልጅ ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ከ150 እስከ 200 ሰው የሚይዝ፣ ከመድረኩ ጀርባ ግድግዳ ያለው ግቢ ፈልጉ። ግድግዳው ድምፅ ይመልስላችኋል። ከዚራ ውስጥ እንዲህ ያለ የድሮ ግቢ አይጠፋም። በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ በአሊያንስ ፍራንሴዝ ወይም በዩኒቨርሲቲው በኩልም መጠየቅ ይቻላል። መጋላ ሰፈር በኩል የምታዘጋጁት አንድ ምሽት ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው፣ ሁሉን ነገር ከዚራ ላይ ስንከምረው ከደቻቱ ማዶ ያለው ሰው የእኔ ነው አይለውም።

ቦታውን ከመያዛችሁ በፊት ከሳምንቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሂዱና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። የባጃጅ ጥሩምባ፣ የጎረቤት ጀነሬተር፣ ቅዳሜ ማታ ከሆነ ደግሞ የሰርግ ዘፈን ትሰማላችሁ። አስፋልት ዳር ያለ ቦታ የቱንም ያህል ቢያምር ይቅርባችሁ።

ድምፅ፣ ድምፅ፣ አሁንም ድምፅ

ገንዘብ ካጠረ ከባነሩ ቀንሱ፣ ከመድረክ ማስዋቢያው ቀንሱ፣ ከድምፁ ግን አትቀንሱ። ከተማችን ውስጥ ሳውንድ የሚያከራየው ሰው ብዙውን ጊዜ የሰርግ ባለሙያ ነው፣ እሱ ደግሞ ኤኮ ይወዳል። ግጥም ላይ ኤኮ ከገባ ወርቁ ይቅርና ሰሙም አይሰማ። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ኤኮው እንዲጠፋ፣ ቤዙም እንዲቀንስ ንገሩት። ከዚያ አንድ ሰው ማይኩ ላይ ግጥም ያንብብ፣ ሌላው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰማውን ቃል በቃል ይድገም። ካልደገመው እንደገና አስተካክሉ።

የድሬ ልዩ ጠላት ቬንትሌተር ነው። ካላበሩት ሰው ይቀቀላል፣ ካበሩት ማይኩ ውስጥ እንደ ሄሊኮፕተር ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማራገቢያዎቹን ከተመልካቹ ግራና ቀኝ አድርጓቸው እንጂ ወደ መድረኩ አታዙሯቸው። ማይኩን በስፖንጅ ሸፍኑት። ገጣሚዎቹ ደግሞ ስስ ኤ ፎር ወረቀት ይዘው እንዳይወጡ፣ ንፋሱ ነጥቆ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይጥለዋል። ጠንካራ ክላሰር ወይም መቆሚያ አዘጋጁላቸው። ከስልኩ የሚያነብ ካለ መስመሩን ፕሌን ሞድ ላይ ያድርግ። የእናት ፍቅር ግጥም መሀል የእናት ስልክ ሲደወል ይታያችሁ።

መብራት ይጠፋል። «ምናልባት» ብላችሁ አታስቡት፣ ይጠፋል ብላችሁ ተዘጋጁ። ጀነሬተር ካላችሁ ከግቢው ውጪ ራቅ አድርጉት፣ ገመዱ ይርዘም። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ያለችውን ክፍተት የሚሞላ፣ ግጥሙን በቃሉ የሚያውቅና ድምፁ ደማቅ የሆነ አንድ ገጣሚ ተጠባባቂ ይሁን። ማይክ የለ፣ መብራት የለ፣ መሀል ገብቶ ግጥሙን ይላል። ሰውም ስልኩን ያበራለታል። ሳያስቡት ብዙ ጊዜ የምሽቱ ምርጥ ክፍል ይህ ይሆናል።

ማንን እንጋብዝ? በየትኛው ቋንቋ?

ድሬ አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ የሚቀላቅልባት ከተማ ናት። የመስተዳድሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም መንገዱ ላይ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ ሐረሪው አለ። በአማርኛ ብቻ የሚካሄድ ፌስቲቫል ሊደረግ ይችላል፣ ግን «የድሬ» ማለት ይከብዳል።

እዚህ ላይ አዘጋጁ ትንሽ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። አማርኛው ቤት ይመታል። በወል ቤት የተጻፈ ከሆነ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) ኖሮት መሀሉ ላይ ስድስት በስድስት ይከፈላል፣ ጆሯችንም የስንኙን መጨረሻ ይጠብቃል። ገባይ የሚባለው የሶማሊኛ ግጥም ሌላ ሥርዓት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በየስንኙ ውስጥ በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላት ይመላለሳሉ። «ሸ» ብሎ የጀመረ ገጣሚ በ«ሸ» ይጨርሳል። በቃሉ ነው የሚለው፣ ረጅምም ሊሆን ይችላል። ገረርሳ የሚባለው የኦሮምኛ ግጥም ደግሞ ዜማ አለው፣ ባለቤቱ ቆሞ የሚያንጎራጉረው ነገር ነው። ሐረሪዎች ዚክር አላቸው፣ እሱ ግን በዋናነት የአምልኮ ስለሆነ መድረክ ላይ ይቅረብልን ከማለታችሁ በፊት ባለቤቶቹን ጠይቁ። ፈቃደኛ ካልሆኑ ተዉት።

ይህን ካወቃችሁ የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል መሥራት ይቀላል። አማርኛውን ሁሉ መጀመሪያ ደርድራችሁ ሌላውን መጨረሻ ላይ «እንዲሁም» ብላችሁ አታስገቡ። ሰብጥሩት። ትርጉሙን በተመለከተ፣ ግጥሙን ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ አስተርጉሞ ከኋላው ማንበብ አሰልቺ ነው፣ ሰዓቱንም ያጥፈዋል። መድረክ መሪው ገጣሚው ከመውጣቱ በፊት በሁለት ዓረፍተ ነገር «ይህ ግጥም ስለ እንዲህ ያለ ነገር ነው» ይበል። ከዚያ ሰው ድምፁን ይስማ። የገባይ ቃላት ሲመላለሱ ለመስማት ሶማሊኛ ማወቅ ግድ አይደለም። ሙሉ ትርጉም የሚፈልግ ካለ በቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ አስቀምጡለት።

ታዋቂ ገጣሚ ከአዲስ አበባ ማምጣት ችግር የለውም። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው፣ በመኪና ግን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ ወዲያው መድረክ ላይ አትስቀሉት። ለአንድ ምሽት አንድ እንግዳ ይበቃል። የቀረውን ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያዎች፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ከሰፈር ልጆች ሙሉት። ቤተሰቡን፣ ጓደኛውን፣ ጎረቤቱን አስከትሎ የሚመጣው የሰፈሩ ልጅ ነው።

የምሽቱ ሰዓት ሲከፋፈል

እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። መግሪብ፣ የጀምበር መጥለቂያው ሶላት እንዳለፈ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ። ስምንት ገጣሚ፣ ለእያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ፣ 56 ደቂቃ ይሆናል። ይህኔ ገደማ ዒሻ፣ የማታው ሶላት ይደርሳል፤ ሰዓቱ እንደ ወሩ ስለሚለያይ ቀድማችሁ አረጋግጡ። የሻይ እረፍቱን እዚያ ላይ አድርጉት፣ መስገድ የፈለገ ይሰግዳል፣ ሌላው ሻይ በሳምቡሳ ይላል። አዛን እየተሰማ ገጣሚ ማስቆም ይቀራል። ከእረፍት በኋላ ሙዚቃው ይግባ፣ አንድ ክራር ወይም ጊታር በቂ ነው። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ለፈለገ ሁሉ ክፍት መድረክ ይሁን። ስም የሚመዘግብ ሰው በር ላይ ይቀመጥ፣ ዝርዝሩ ሲሞላ ይዝጋ። «አንድ ብቻ ልበል» እያለ አራት ግጥም የሚያነብ ሰው ሁሌም አለ። ለእሱ መድረክ መሪው ፈገግ ብሎ አጠገቡ ይቁም፣ ይገባዋል።

የክብር እንግዳ ንግግር ሁለት ደቂቃ። የስፖንሰርም እንደዚያው። መክፈቻው ላይ አታድርጉት፣ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ገጣሚ በኋላ ጣልቃ ይግባ። ይህን ቀድማችሁ በደብዳቤ አሳውቁ እንጂ በዕለቱ አትከራከሩ።

ፈቃድና ገንዘብ

ፈቃዱን ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ። ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ደብዳቤ፣ ለፖሊስ ግልባጭ። ደብዳቤ ማስገባት ብቻውን አይበቃም፣ በእግር መከታተል ነው። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ሁላችሁም ስልክ ላይ ይኑር፣ ማታ በር ላይ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ከነጋዴ ጥሬ ብር ከመለመን ዕቃ ጠይቁ። ውኃ የሚያከፋፍለው ውኃ፣ ማተሚያ ቤቱ ፖስተር፣ ሆቴሉ ሁለት አልጋ። ድሬ ላይ ለእንግዳ ሲባል እጅ ይፈታል። ፖስተሩን ባጃጅ ጀርባ ላይ ለጥፉት፣ ከፊራና ሳቢያን ሰፈሮችም በአንድ ቀን ይደርሳል።

ለገጣሚ ክፈሉ። ትንሽም ብትሆን፣ በዚያው ምሽት፣ በቴሌብር። ለጀነሬተር ናፍጣ ብር አለን፣ ለገጣሚ ግን «መድረኩ ራሱ ዕድል ነው» የሚባል ነገር ደስ አይለኝም። ቪዲዮ ቀርፃችሁ ቲክቶክ ላይ የምትለቁ ከሆነም ቀድማችሁ አስፈርሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ለግጥም ባለቤትም ይሠራል።

ሐረርን ከጨመራችሁ

55 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የመጨረሻውን ቀን ጠዋት ለእንግዶቹ ሐረር ማድረግ ያምራል። ሹራብ ይያዙ፣ ደጋ ነው። ጀጎል ውስጥ ራምቦ ቤት መውሰዳችሁ አይቀርም። ታሪኩን ግን በልኩ ንገሯቸው። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ሲገባ ግጥም መጻፍ ካቆመ ቆይቷል፣ የመጣው ለንግድ ነው። ሐረር ተወልዶ ገጣሚም ሠዓሊም የሆነውስ? ገብረ ክርስቶስ ደስታ አለ። ለፖስተሩ ፊት የምትፈልጉ ከሆነ እሱን አስቀድሙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ግን እንግዶቹን አስተኟቸው፣ ከዳገቱ ወርዶ ሙቀቱ ውስጥ የገባ ሰው ማታ መድረክ ላይ ያዛጋል።

ምሽቱ ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ አይሂድ። ከዚያ በኋላ ባጃጅ ያንሳል፣ ዋጋውም ይንራል። አምስት ስድስት ባጃጅ ከሹፌሮቹ ጋር ቀድማችሁ ተነጋግራችሁ በር ላይ እንዲጠብቁ አድርጉ፣ በተለይ ለሴቶችና ለተማሪዎች። ወንበሩንም በዚያው ሌሊት አስረክቡ፣ በማግስቱ ጠዋት ሰርግ ይፈልገዋል።