በተበከለ የሰው አጥንት ተከላ የተጎዳ ሕሙም በአሜሪካ መብቱን እንዴት ያስከብራል?

በ2021 ከአንድ ሟች ለጋሽ የተዘጋጀና ፋይበርሴል በሚል ስም የተሸጠ የአጥንት ውጤት በቲቢ መበከሉ ታውቆ ከገበያ እንዲሰበሰብ ሲደረግ፣ በ18 ግዛቶች የሚገኙ 113 ሕሙማን፣ አብዛኞቹ በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና፣ ቀድመው ተቀብለውት ነበር። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ከደረሰዎት ሕመም ባይሰማዎትም ሳይዘገዩ ይመርመሩ፤ ውጤቱ ለሕክምናዎም ለክስዎም መሠረት ነው።

ቀጥሎ ሙሉ የሕክምና መዝገብዎን ከሆስፒታሉ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የፌዴራል ሕግ በመደበኛው በ30 ቀናት ውስጥ እንዲሰጥዎት ያዛል። ማጠቃለያ ብቻ ቢሰጥዎት አይበቃም። በቀዶ ሕክምናው መዝገብ ውስጥ የተተከለው አካል መለያ ቁጥር የሰፈረበትን ገጽ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከማሸጊያው የተላጠ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ነው፤ ያለ እሱ የተተከለልዎት ከተበከለው ምርት መሆኑን ማስረዳት እጅግ ይከብዳል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግርዎት ከሆነ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ነፃ አስተርጓሚ ሊያቀርብልዎት ይገባል፤ ይህን ከባድ ጉዳይ በልጅዎ አንደበት አያስተርጉሙ።

ክስ የሚቀርብበት ጊዜ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ በብዙዎቹ 2 ወይም 3 ዓመት ስለሆነና የሚቆጠርበት መነሻም አከራካሪ ስለሚሆን፣ ጠበቃ ቶሎ ያማክሩ። በርካታ ግዛቶች የተለገሰ አካልን ሻጩ ቸልተኛ ባይሆንም ለጉድለቱ እንደሚጠየቅበት ተራ ሸቀጥ ስለማያዩት፣ ተጎጂው የአቅራቢውን ቸልተኝነት ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ይህ ለሕሙሙ ከባድ፣ በእኔ እምነትም ፍትሕ የጎደለው ሸክም ነው። ካሳ ተብሎ የሚቀርብልዎትን ማንኛውንም ወረቀት ጠበቃዎ ሳያነበው አይፈርሙ።