ባሕር ዳር ላይ የውጭ ጉዳይ ውይይት ማኅበር እንዴት ይቋቋማል?

የጣና ፎረም ሚያዝያ 2004 ዓ.ም. እዚህ ከተጀመረ ወዲህ ስብሰባው በመጣ ቁጥር ትዕይንቱ አንድ ነው። መሪዎች ይመጣሉ፣ መንገድ ይዘጋል፣ ስለ አፍሪካ ሰላም ይመከራል። እኛ ደግሞ ዳር ቆመን መኪና እንቆጥራለን። አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሐይቁ ዳር ማኪያቶ ይዘን፣ «ሌላው ስለ ጣና ሲያወራ ከምንሰማ ለምን ራሳችን አናወራም?» ተባባልን። አጀማመራችን ይኸው ነው።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ስብሰባ መምራት ከክፍል ማስተማር ጋር አንድ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ዛሬ ወር በወር የምንገናኝ ሠላሳ ስምንት አባላት አለን፤ ጎረቤቴ «የወሬ ዕድር» ትለናለች። ከዚህ በታች የምጽፈውን አብዛኛውን ያወቅሁት አበላሽቼ ነው።

1. መጀመሪያ ሰባት ሰው

ብዙ ሰው አትጥሩ። እኛ በፌስቡክ ጠርተን በመጀመሪያው ቀን አርባ ሁለት ሰው መጣ። በሁለተኛው ወር አሥራ አንድ፣ በሦስተኛው አራት። እንደገና ስንጀምር ሰባት ሰው መርጠን፣ በየቤታቸው ሄደን ለመንን። ሰባቱ አንድ ዓይነት እንዳይሆኑ ተጠንቀቁ። ሁሉም አስተማሪ ከሆነ ጉዳዩ የመምህራን ስብሰባ ይሆናል። ከእኛ ውስጥ በጣም የጠቀሙን አንድ ነጋዴና አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ነጋዴው ስለ ቀይ ባሕር ከብዙ ምሁር በላይ ያውቃል፤ ጅቡቲ ላይ ዕቃ ሲዘገይ ከኪሱ የሚያወጣው እሱ ነዋ። ስለ ነርሷ በኋላ እመጣለሁ።

መዋጮ በወር 50 ብር ነው። ለቡና፣ ለቆሎና ለፎቶ ኮፒ ይበቃል። ሰው ስትጋብዙ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «አበል አለው?» የሚለው ነው። የእኛ መልስ የታወቀ ነው፦ አበል የለም፣ አቦል ግን አለ። ይህን ሰምቶ የሚቀር ይቅር።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርና ዕቁብን አይመለከትም። እኛ ግን ዕድር የሆንነው በጎረቤቴ አፍ ብቻ ነው። በአዋጁ ማኅበር የሚባለው አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ኖረውት በጠቅላላ ጉባኤ የሚመራ ነው። ሥራችሁ ከአንድ ክልል የማይወጣ ከሆነ የምትጠይቁት ክልሉን ነው። ሰባት ሰው ሳሎን ውስጥ ቡና ሲጠጣ ሌላ ነገር ነው። አዳራሽ መያዝና በማኅበር ስም ገንዘብ መሰብሰብ ስትጀምሩ ግን ምዝገባውን ጨርሱ። ከዚያም በየወሩ ርዕሱን፣ የተናጋሪውን ስምና ሰዓቱን ጽፋችሁ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አስቀድማችሁ አሳውቁ። እኛ አንዴ «ምን ችግር አለው» ብለን ዘለልነው። በር ላይ አንድ ሰዓት ቆመን ተበተንን።

2 እና 3. ቀንና ቤት

ቅዳሜ ጥሩ ነው። ቅዳሜው 12፣ 21፣ 27 ወይም 29 ላይ ከዋለ ግን እለፉት፤ ሰው ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይ ጠበል ጠዲቅ ላይ ነው። እዚህ 23ንም ጨምሩ፣ ጊዮርጊስ ነው። ዓርብን ለሙስሊም አባሎቻችሁ ስትሉ ተዉት። ጥርን ሙሉ እርሱት፣ ሠርግ ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሁን፤ ሳይመሽ ያልቃል። ተናጋሪው ከውጭ አገር የመጣ ከሆነ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት። እኛ ለአንድ ዲያስፖራ እንግዳ «9 ሰዓት» ብቻ ብለን ላክንለት። ሰውዬው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተዘጋ በር ሲያንኳኳ ተገኘ።

ቤቱ ጠበብ ይበል። ሠላሳ ሰው ሁለት መቶ ወንበር ያለው አዳራሽ ውስጥ ሲቀመጥ ያልተሳካ ለቅሶ ይመስላል። ፕሮጀክተር አትከራዩ። መብራት ይሄዳል፣ ገመዱ አይገጥምም፣ ተናጋሪው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስላይድ ያነብላችኋል። በዚያ ገንዘብ ባነር ቤት ሄዳችሁ ከሜዲትራኒያን እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ያለውን ካርታ በትልቁ አሳትሙ። ብዙ ማኅበራት ባነር የሚያሳትሙት ስማቸውን ለመስቀል ነው። ስማችሁን የመጣው ሰው ያውቀዋል። የቀይ ባሕር ደቡባዊ መውጫ የሆነው ባብ ኤል መንደብ የት እንደሆነ ግን አያውቅም።

4. ርዕስ ከደጃችሁ ይነሣ

«ተለዋዋጩ የዓለም ሥርዓት» ባልነው ቀን ዘጠኝ ሰው መጣ። ሦስቱ እኛው አዘጋጆቹ ነበርን። በቀጣዩ ወር «ዩሪያ ለምን ተወደደ?» አልን፤ ወንበር አነሰ። ከመርዓዊ የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ ነበሩ። ውይይቱ ዩሪያ ከተፈጥሮ ጋዝ እንደሚሠራ፣ በየካቲት 2014 የጀመረው የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት የጋዙንም የማዳበሪያውንም ገበያ እንዴት እንዳናወጠ፣ ከዚያ ዋጋው በጅቡቲ አድርጎ እንዴት ማሳ ድረስ እንደሚደርስ ነበር። የዓለም ሥርዓት ማለት ይኸው ነው፣ ስሙን ብቻ አልጠራነውም።

ጣና ዳር ለተቀመጠ ሰው ርዕስ ሞልቷል። አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በ1894 ዓ.ም. የተፈራረሙትን ውል አንቀጽ 3 አንብቡ። ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በጥቁር ዓባይ፣ በጣናና በሶባት ወንዝ ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ይላል። የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ አድርገን አደልን። «ማገድ» ከ«መጠቀም» ጋር አንድ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር መሥመር ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ራስ ተፈሪ ጉዳዩን ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ወሰዱት። በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ አሜሪካ ሄደው ከአንድ የኒውዮርክ ኩባንያ ጋር ስለዚሁ ግድብ ተነጋገሩ። ግብፅና ሱዳን በ1952 ዓ.ም. በዓመት 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የዓባይ ውሃ ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ከተማው ሁሉ ስለ ግድቡ ያወራ ነበር። እኛ ያን ሰሞን እነዚህን ወረቀቶች በተራ አነበብን፤ ወሬው መሬት ያዘ።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን በጣሊያን የጦር ካሳ፣ ፖሊ የምንለው ፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤታችን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በ1950ዎቹ መቆማቸውንም አትርሱ። በሩሲያውያን አስተማሪዎች የተማረ ጡረተኛ ፈልጋችሁ ብታስወሩ ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ከዚያ የተሻለ ተናጋሪ አታገኙም።

5. ተናጋሪ

ጠይቁ፣ ይመጣል። ክፍያ የለም፤ ትራንስፖርትና የጣና ዓሣ ምሳ ይበቃል። አርባ ደቂቃ ብቻ ስጡት። ሃምሳ ካላችሁት ሰማንያ ያደርገዋል።

6. ጥያቄና መልስ

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፣ ማኅበሮች የሚሞቱት እዚህ ነውና።

«እኔ እንኳ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ።» ይህችን ስትሰሙ ሰዓታችሁን እዩ። በሁለተኛው ስብሰባችን እንዲህ ብለው የተነሡት የቀድሞ አስተማሪዬ ነበሩ። ተናጋሪያችን የአዲስ አበባ አውሮፕላን ይጠብቀዋል። ጋሼ ከዓድዋ ጀመሩ። ማይጨው ሲደርሱ ሩብ ሰዓት አለፈ። እኔ መድረክ መሪ ነኝ፤ ግን ፊደል ያስቆጠሩኝን ሰው እንዴት ላቋርጥ? ሳልኩ። ወረቀት አንኳኳሁ። በመጨረሻ ተነሥቼ ቆምኩ። «ተቀመጥ ልጄ፣ እየጨረስኩ ነው» አሉኝ። ተቀመጥኩ። በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ተናጋሪው ቦርሳውን አንሥቶ በጓሮ በር ወጣ። አንድም ጥያቄ አልመለሰም።

ከዚያ ያልሞከርኩት የለም። በማንኪያ ብርጭቆ መታሁ፤ ሰው ኬክ ሊቆረስ መስሎት አጨበጨበ። ጥያቄ በወረቀት ይሁን አልኩ፤ ስም ስለሌለበት ግማሹ ስድብ ሆነ፣ ከቀረው ግማሹ አይነበብም። ሁለት ደቂቃ የሚቆጥር ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ ሲጮህ «የማን ስልክ ነው?» ተባለ።

መፍትሔው የመጣው ከነርሷ ነው። እትዬ በሰፈራቸው የሴቶች ዕድር ዳኛ ናቸው። ለዓመታት ሰው ሳያስቀይሙ ሲያስቀምጡና ሲያስነሡ ኖረዋል። መድረኩን ወሰዱና አንድ ነገር ብቻ ቀየሩ፤ ጊዜውን በቡናው ከፈሉት። ንግግሩ ሲካሄድ ቡናው ውጭ ይቆላል። ንግግሩ ሲያልቅ አቦል ይገባል። አቦል ጥያቄ ብቻ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ። ሦስት ሦስት ጥያቄ ይሰበሰብና ይመለሳል። ቶና ላይ ያልጠየቁ ይጠይቃሉ። በረካ ላይ አስተያየት ነው፤ የፈለገ ከዓድዋ ይጀምር፣ አውሮፕላን ያለበትም ተናጋሪ መርቆ ይሂድ።

ጋሼ በቀጣዩ ጊዜ ሲነሡ እትዬ ሲኒ ይዘው ጠጋ አሉና «ጋሼ፣ ታሪኩን ለበረካ ያቆዩልን፤ አሁን ጥያቄዋን ብቻ ይስጡን» አሏቸው። ሳቁ። ጠየቁ። ተቀመጡ። እኔ በስድስት ወር ያልቻልኩትን እሳቸው በአንድ ሲኒ ጨረሱት።

ስለዚህ መድረክ መሪ ስትመርጡ ስለ ውጭ ጉዳይ ብዙ የሚያውቀውን አትምረጡ። እሱ ራሱ ማውራት ይፈልጋል። ዕድር ወይም ዕቁብ በዳኝነት የመራ ሰው ፈልጉ። የመጀመሪያውን እጅ ደግሞ ለሴት ወይም ለወጣት ስጡ። አዛውንት ከጀመሩ ሌላው «እሳቸው ብለውታል» ብሎ ዝም ይላል። ሠላሳ ሰው ሲኖር ሁለት ጀበና ያስፈልጋል። በአንድ ጀበና የሞከርን ቀን አንዱ ወገን በረካ ላይ ሲደርስ ሌላው አቦል አልደረሰውም ነበርና ደንቡ ሁሉ ተደበላለቀ።

ሌላው ስልክ ነው። አንድ ተናጋሪያችን ስለ ጎረቤት አገር በነፃነት የተናገረው ነገር ሠላሳ ሰከንዱ ተቆርጦ በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ወጣ። መጀመሪያውም መጨረሻውም የለውም። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ስልኬን አያነሣም፣ አልፈርድበትም። ለንደን ያለው የውጭ ጉዳይ ጥናት ተቋም፣ ቻተም ሃውስ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው አንድ ደንብ አለው፤ የሰማኸውን ተጠቀምበት፣ ማን እንዳለው ግን አትናገር። እኛም ወስደነዋል፣ አንድ ነገር ጨምረንበት። በር ላይ ሰፌድ አለ። ስልክ እዚያ ይቀመጣል። ዶክተርም ነጋዴም ተማሪም ያስቀምጣል።

7. የቀረው

ማስታወቂያ በቴሌግራም ብቻ አትላኩ። በ2015 መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ሲቋረጥ ለወራት ማንንም መጥራት አልቻልንም። አሁን ሽምብጥ፣ ፔዳና ዓባይ ማዶ አንዳንድ ሱቅ ላይ ወረቀት እንለጥፋለን። ቃለ ጉባኤ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ማን ተናገረ ሳይሆን ምን ተባለ።

ሲኒ የሚያጥበው ተረኛ ሰው ሳይበተን ስሙ ይጠራ። ካልተጠራ ሁሉም «ደስ የሚል ውይይት ነበር» እያለ ይወጣል። ባለፈው ወር ረስቼው ሠላሳ ስድስት ሲኒ ብቻዬን አጥቤ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ ፍለጋ ወጣሁ።