የልጆቼን የኪስ ገንዘብ ከአስቤዛው እንዴት እንዳወጣሁት

ሁለቱ ልጆቼ በየሳምንቱ የኪስ ገንዘብ ይጠይቁኛል፤ ለእኔ ደግሞ የአስቤዛው ብር ራሱ ወር አያደርሰኝም ነበር። ችግሩ የዋጋው ውድነት ብቻ አይደለም። ቤት ያለውን ሳላይ ደግሜ እገዛለሁ፣ ቲማቲሙ ፍሪጅ ውስጥ ይበሰብሳል።

አሁን ቅዳሜ ማታ የ12 ዓመቷ ልጄ ጓዳ ገብታ ያለውንና ያለቀውን ትጽፋለች። ታናሽ ወንድሟ የሰፈሩን ሱቅና ጉሊት ዞሮ የሽንኩርት፣ የድንችና የዘይት ዋጋ ይጠይቃል። በማግስቱ እሁድ ገበያ አብረን እንሄዳለን፤ ዘይትና ስኳር ግን ሸማቾች ከመጣ ከዚያ ነው የምንገዛው። ከመደብነው 2,000 ብር ከሚተርፈው ሩቡ የእነሱ ነው።

መጀመሪያ ግማሹን ብያቸው ነበር። ብዙ እንዲተርፍ ብለው እንቁላልና ወተት ከዝርዝሩ ሲሰርዙ ያዝኳቸው! ስለዚህ ወደ ሩብ አወረድነው፣ ምግብ መቀነስም ክልክል ሆነ፤ የሚቆጠርላቸው ዋጋ አወዳድረው ወይም ያለው እንዳይበላሽ ጠብቀው ያተረፉት ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት 240 ብር ተረፈ፣ 60ውን ለሁለት ተካፈሉ። ትንሹ ባለጉሊቷን "እትዬ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ" እያለ ሲከራከር ሳየው በጣም ነው ደስ የሚለኝ።