የመስኖ ውሃ መብታችሁን እንዴት ታስከብራላችሁ? አዳማ ዙሪያ ለምታርሱ

በጋ ሲገባ በኛ አካባቢ ጭቅጭቁ ሁሌም ያው ነው፣ ከላይ ያለው ቦዩን ዘግቶ ያድራል፣ ከታች ያለው ሽንኩርቱ ራስ ሊይዝ ሲል ይደርቅበታል። ዶኒ በሉት ቦፋ በሉት ወንጂ ዙሪያ በሉት ለውጥ የለውም። ሰው ደግሞ ወደ ቢሮ የሚሮጠው ማሳው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው፣ ያኔ ቢፈረድለት እንኳን ሽንኩርቱን ማን ይመልስለታል? የዘር፣ የማዳበሪያ፣ የናፍጣ ብድሩ ግን እዛው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ስለዚ ይሄን ክረምቱ ሳይወጣ አንብቡትና ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩበት።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የመሬት ደብተር ስላላችሁ ውሃ አላችሁ ማለት አይደለም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬትም ሌላውም የተፈጥሮ ሀብት የመንግስትና የህዝብ ነው ብሏል፣ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ውሃን በተመለከተ ያንኑ ደግሞታል። ማንም ሰው "በማሳዬ ስለሚያልፍ የኔ ነው" ማለት አይችልም፣ እናንተም፣ ከላይ ያለው ጎረቤትም፣ ትልቁ ኢንቨስተርም። ያላችሁ የመጠቀም መብት ነው፣ እሱ ደግሞ ቆሞ የሚሄደው በወረቀትና በምስክር ነው። ብዙ ገበሬ የሚሸነፈው እዚች ጋ ነው፣ መብት ሳይኖረው ቀርቶ ሳይሆን የሚያሳየው ነገር ስለሌለው።

ከአዋጁ ሁለት ነገር በቃላችሁ ያዙ። አንደኛ፣ ለቤት የሚሆን ውሃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ይቀድማል። የአንድ ሰው ሞተር እናቶች የሚቀዱበትን ቦታ ካደረቀው ክርክራችሁን ከዚህ ጀምሩ፣ ከሽንኩርቱ አትጀምሩ። ሁለተኛ፣ ባህላዊ መስኖ፣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድና ባህላዊ ከብት እርባታ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፣ አባቶቻችሁ በጠለፉት ቦይ የምታጠጡ ከሆነ ማንም መጥቶ "ፈቃድህን አሳይ" ብሎ ሊያስፈራራችሁ አይገባም። የውሃ ግንባታ መስራት፣ ውሃ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ፣ ፍሳሽ መልቀቅ ግን ፈቃድ ይፈልጋሉ። ሞተር የገዛችሁ ወይ ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ "ችግር የለውም" የሚል የቃል መልስ ይዛችሁ አትግቡበት፣ በጽሁፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሁፍ ተቀበሉ።

የት ነው የሚኬደው? ይሄ ብዙ ሰው ያደክማል። አዋሽ ከጊንጪ በኩል ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አፋር ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ክልል ስለሚያቋርጥ በህገ መንግስቱ አንቀጽ 51 መሰረት የፌዴራል ጉዳይ ነው። ከወንዙ በቀጥታ ለመጥለፍ ፈቃድ ሲነሳ በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ስር ያለው የአዋሽ ተፋሰስ አስተዳደር ይመለከተዋል። በቦይ ውስጥ ያለ የውሃ ተራ ጉዳይ ግን የውሃ ተጠቃሚ ማህበራችሁና የወረዳው መስኖ ቢሮ ነው። ለወረዳ የሚገባ ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፣ በአማርኛ አስጽፋችሁ ሄዳችሁ ተተርጉሞ ይምጣ ሲሏችሁ ሳምንት ያልፋል፣ ለሽንኩርት ሳምንት ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ ማህበር። አዋጅ ቁጥር 841/2006 የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበርን ያቋቋመ ህግ ነው። ከህብረት ስራ ማህበር ጋር አታምታቱት፣ ይሄ ለትርፍ የሚነግድ አይደለም፣ ስራው ውሃ ማከፋፈል፣ ቦይ መጠገንና ጸብ መፍታት ነው። ጠቅላላ ጉባኤ አለው፣ አመራር አለው፣ የሚቆጣጠርና አለመግባባት የሚፈታ ኮሚቴም አለው። ብዙ ቦታ ግን የውሃ አባት፣ ማለትም በባህል ውሃውን የሚያከፋፍለው ሰው፣ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ጥሩ ሰው ከሆነ ያስማማል፣ ዘመድ አይቶ ከሰጠ ግን የት ይከሰሳል? የውሃ አባቱን አባሩ እያልኩ አይደለም፣ እንደውም ሁሉም የሚያከብረው ሰው ስለሆነ ማህበሩ ውስጥ አስገቡት፣ የሚሰራው ግን በተጻፈ ደንብ ይሁን፣ ማህበሩም በህጉ መሰረት ይመዝገብ። ያልተመዘገበ ማህበር ቢሮ ሲሄድ እንደ ግለሰብ ነው የሚታየው።

የውሃ ተራ ወረቀቱን እንዲህ ስሩት። የተጠቃሚው ስም፣ የማሳው ስፋት፣ የሚከፍትበት በር፣ ቀኑና ሰዓቱ። "ማክሰኞ ጠዋት" ብላችሁ አትጻፉ፣ "ማክሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት" በሉ። የሌሊት ተራ በየዙሩ ይዙር፣ አሁን የማየው የሌሊቱ ሁሌ ባሏ ለሞተባት ሴት ወይ አቅም ለሌለው ነው የሚሰጠው፣ ሴት ልጅ ለብቻዋ በሌሊት ቦይ ስትጠብቅ ማደር የለባትም፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል። በዓል ላይ ተራ የደረሰበት ምን እንደሚሆን ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ታህሳስ 19 ቁልቢ የሚወርድ አለ፣ ጥር 11 ደግሞ ጥምቀት ነው፣ ሁለቱም ውሃ የሚፈለግበት ወቅት ላይ ነው የሚውሉት። ደለል ጠረጋ ያልወጣ ሰው ስንት እንደሚቀጣም ይጻፍ። ሁሉም ይፈርም፣ መፈረም የማይችል አሻራ ያድርግ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ አንድ ኮፒ ወረዳ ይቀመጥ፣ ስልካችሁ ላይም ፎቶ ይኑራችሁ።

ውሃው መቀነሱን በቁጥር ማሳየት ከቻላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ማሽን አያስፈልገውም። ቦዩ ቀጥ ባለበት ቦታ 10 ሜትር ለኩና ሁለት ችካል ትከሉ፣ ደረቅ የበቆሎ ቆሮቆንዳ ጣሉና በስልክ ሰዓት ያዙ። በ20 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ነው። የውሃው ስፋት 60 ሳንቲ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ከሆነ ሲባዛ በሰከንድ 60 ሊትር ይመጣል፣ ላይ ላዩ ከስሩ ስለሚፈጥን ከ5 እጅ 4ቱን ያዙ፣ 48 ሊትር ገደማ። ይሄን በየሳምንቱ ደብተር ላይ ከነቀኑ መዝግቡ። "ውሃ ቀነሰብን" ብሎ ማልቀስና "ከ48 ወደ 15 ወረደ፣ ይሄው ቀኑ" ማለት በአንድ አይን አይታዩም። ግን ጎረቤት ከመክሰሳችሁ በፊት ወንዙን ራሱን እዩት፣ ከቆቃ በታች ያለን ሰዎች የምናገኘው ውሃ ግድቡ በሚለቀው መጠን ነው፣ ወንዙ ራሱ ወርዶ ከሆነ ከወንድማችሁ ጋር በከንቱ ነው የምትጣሉት።

ጸብ ከመጣ መጀመሪያ የማህበሩ ኮሚቴና ሽማግሌ ይዩት፣ እርቅ ከወረደ ግን በቃል አይቅር፣ ይጻፍ። ካልሆነ ለወረዳው አቤቱታ አስገቡ፣ መዝገብ ቤት ቁጥርና ማህተም ያለበት ኮፒ ሳትቀበሉ አትውጡ። ባለፈቃድ ድርጅት ከሆነ የወሰደባችሁ ፈቃዱን ለሰጠው አካል ነው የምታመለክቱት።

ችግሩ የውሃ ማነስ ሳይሆን መበከል ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ "በኔ ላይ ደረሰ" ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡ ወይ ውሳኔው ካልተዋጠላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ቀኑን ቁጠሩ! ውሃውን በንጹህ ጠርሙስ ቅዱ፣ ቀንና ቦታ ለጥፉበት፣ የሞተ ዓሳ ወይ የተቃጠለ ቅጠል ካለ ፎቶ አንሱ፣ ስትቀዱ ቢያንስ ሁለት ሰው ይኑር።

ሰው ይዞታችሁ ውስጥ ገብቶ ቦያችሁን ከደፈነ ወይ ካፈረሰ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ህግ ቁጥር 1149 "ሁከት ይወገድልኝ" የሚባል ክስ አለ፣ የሚቀርበው ሁከቱ ከተፈጠረ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። "ሽማግሌ እያየው ነው" እየተባለ ይቺ ጊዜ ያለፈችበት ሰው አለ፣ እርቁም ይቀጥል፣ ቀኑ እየቀረበ ከሆነ ግን ክሱን ቀድማችሁ ክፈቱ፣ ከታረቃችሁ መዝገቡ ይዘጋል።