ባሕር ዳር ላይ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም እንዴት ይገዛል? ከመስኮቱ በፊት ወረቀቱን

ጣና ዳር ቤት የሚያሳይ ደላላ መጀመሪያ የሚከፍተው መጋረጃውን ነው። በረንዳው ላይ ያቆማችኋል። ሐይቁ ከፊታችሁ ተዘርግቷል፣ ነፋሱ ደስ ይላል፣ ራቅ ብሎ ታንኳ ይታያል። እኔም ጊዮርጊስ አካባቢ እንዲህ ቆሜ ልቤ ተነጠቀ። በማግስቱ ቀብድ ልከፍል ስል ታላቅ እህቴ «ካርታውን አየሽው?» አለችኝ። አላየሁትም ነበር። ስናየው በሻጩ ሟች አባት ስም ነው። ሌሎች ሦስት ወራሾች ነበሩ፤ አንዳቸውም ስለ ሽያጩ አልሰሙም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ይሁን፦ መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ቤቱ፣ ገንዘቡ መጨረሻ።

ወረቀቱን ማጣራት

የካርታውን ዋና ጠይቁ። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ አይበቃም። በካርታው ላይ ያለውን ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አስተያዩ። የብሎኩና የቤቱ ቁጥር፣ ፎቁና ካሬው እናንተ ካያችሁት ቤት ጋር መግጠም አለበት። ስሙ የሟች ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃና የሁሉም ወራሾች ፊርማ ያስፈልጋል።

ከዚያ ሻጩን ይዛችሁ ካርታውን ወደሰጠው የከተማው መሬት ቢሮ ሂዱ። ቤቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት በጽሑፍ ይሰጣችሁ። የመንግሥት ኮንዶሚኒየም ከሆነ በባንክ ብድር የተገዛ ሊሆን ስለሚችል፣ ብድሩ ማለቁን ከባንኩ በወረቀት አረጋግጡ። በዕጣ የደረሰ ቤት ለተወሰኑ ዓመታት እንዳይሸጥ ሊከለከልም ይችላል፤ ሻጩ ቤቱን ሲረከብ የፈረመውን ውል አስወጥታችሁ አንብቡ።

ሻጩ ያገባ ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። «እሷ ተስማምታለች» የሚል ቃል አትቀበሉ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ውክልናው ቤት መሸጥን በግልጽ መፍቀድ አለበት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ጠቅላላ ውክልና ብቻውን ቤት አያሸጥም። አለመሻሩንም ከሰጠው ቢሮ ጠይቁ።

ሜትር ይዞ መግባት

ዋጋ የሚነገረው በካሬ ስለሆነ ካሬውን ራሳችሁ ለኩ። እኔ ያየሁት አንድ ስቱዲዮ «32 ካሬ» ተብሎ ነበር። ዋናው ክፍል 4.20 በ4.50፣ ማለትም 18.9 ካሬ ሆነ። ማብሰያው 4.5፣ መጸዳጃው 3። ሲደመር 26.4 ነው። ቀሪው 5.6 ካሬ ግድግዳና የጋራ መተላለፊያ ነበር። እንዲህ ማስላት በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ግን ሁለት ቤት ስታወዳድሩ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ልኬት አወዳድሩ። ስቱዲዮ ላይ አምስት ካሬ ማለት አልጋችሁና ቁም ሳጥናችሁ ነው።

ቤቱን ሦስት ጊዜ ማየት

ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ሂዱ። ከተቻለ አንዱ ክረምት ላይ ይሁን።

ከሰዓት የምትሄዱት ለሙቀቱ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቷ ይከብዳል። ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ነው። ወደ ሐይቁ የሚያይ መስኮት ስለዚህ የከሰዓቷን ፀሐይ ብዙም አያገኛትም፤ ቀን ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስም በእሱ በኩል ይገባል። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ብቻ የሆነ ስቱዲዮ ግን እስከ ምሽት እንደጋለ ይቆያል፤ የምትሸሹበት ሌላ ክፍል የለም። እኔ ብሆን እንዲህ ያለውን ቤት በርካሽም አልገዛውም።

ማታ ስትሄዱ ጆሯችሁን ክፈቱ። ታች ያለው ሱቅ ምንድን ነው? ግሮሰሪ ነው? ሙዚቃው ስንት ሰዓት ይዘጋል? ቢንቢውንም ያኔ ታዩታላችሁ። መስኮቱ ወንፊት ከሌለው ዋጋውን በሒሳባችሁ ያዙ።

እርጥበት የባሕር ዳር ቤት ዋና ጠላት ነው፣ በተለይ ምድር ቤት ላይ። ሽምብጥ ሰፈር ያየሁት ቤት አንድ ግድግዳው ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርጌ ከኋላው አየሁ። ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን ፊኛ ፊኛ ብሏል። በጥፍሬ ስነካው ከሥሩ ነጭ ዱቄት ረገፈ። ያ ውሃ ይዞት የወጣ ጨው ነው፤ በቀለም አይድንም። ስንጥቅም ተመልከቱ። ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ መሠረቱ ደካማ ከሆነ ግድግዳው ይሰነጠቃል። የፀጉር ያህል የቀጠነው ከልስን ሊሆን ይችላል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ ግን መሐንዲስ ሳታሳዩ አትግዙ።

ምጣድ አስሰኩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ብሬከሩ ዱብ ካለ ወይም ሶኬቱ ከጋለ የመስመር ሥራ ይጠብቃችኋል። ስቱዲዮ ውስጥ እንጀራ መጋገር አለመጋገራችሁን ካሁኑ አስቡበት። ጭሱ የሚወጣበት መስኮት ከሌለ ልብሳችሁም አልጋችሁም እንጀራ እንጀራ ይሸታል።

ስለ ውሃ ደላላውን አትጠይቁ፤ ጎረቤት ጠይቁ። እኔ ደረጃው ላይ እህል የምትለቅም ሴት አገኘሁና «እትዬ፣ ውሃ እንዴት ነው?» አልኳት። «ልጄ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ሌሊት ነው የሚመጣ። ሮቶ ከሌለሽ በባልዲ ነው» አለችኝ። ደላላው በሳምንት ውስጥ ያልነገረኝን እሷ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ሮቶው የጋራ ነው ወይስ የግል? የግል ከሆነ ከቤቱ ጋር ይሸጣል? መልሱ ውሉ ላይ ይጻፍ።

የሕንጻው ማኅበር

በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ኮንዶሚኒየም ስትገዙ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን የጣራውን፣ የደረጃውንና የግቢውን ድርሻም ትገዛላችሁ። የጥገናውና የጥበቃው ወጪም ከእሱ ጋር ይመጣል። የማኅበሩን ሰብሳቢ አግኙ፤ ወርሃዊ መዋጮው ስንት ነው፣ ሻጩስ ያልከፈለው አለ ወይ በሉ።

ቀብድ፣ ውልና ክፍያ

ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በውሉ ሌላ ካልተባለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይጣራ አንድ ብር አትስጡ። ስትሰጡም በጽሑፍ፣ በምስክር ፊትና በባንክ ይሁን። የደላላውን ኮሚሽን ማን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፈልም ያኔውኑ ተነጋገሩ።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ መጽደቅ አለበት። ቤት ውስጥ ተጽፎ ሦስት ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት አያስተማምንም። ግብር ለመቀነስ ብላችሁ ዋጋውን አሳንሳችሁ አታስጽፉ። ነገ ውሉ ቢፈርስ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ የተጻፈው ዋጋ ብቻ ነው። የቴምብር ቀረጡን፣ የስም ዝውውር ክፍያውንና የሻጩን ግብር ማን እንደሚችል በየስሙ ይጻፍ።

ክፍያውን ቢያንስ ለሁለት ክፈሉት፦ ውሉ ሲጸድቅ አንዱን፣ ካርታው በስማችሁ ሲዞር ቀሪውን። በሲፒኦ፣ ማለትም ባንኩ ራሱ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ ይሁን። ቀሪውን ለመያዝ አትፈሩ። ሻጩ ቢሮ ለቢሮ እንዲሯሯጥላችሁ የሚያደርገው እሱ ነው።

ቁልፍ ስትረከቡ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ሻጩ ባለበት ፎቶ አንሱ፣ የመጨረሻውን የክፍያ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ደንበኝነቱንም በስማችሁ አዙሩ። የበሩን ቁልፍ በዚያው ቀን አስቀይሩ።