የጃዝ ፒያኒስቱን የቢል ኢቫንስን ላይቭ አልበም እንዴት እንስማው?

መጀመሪያ የስልክ ስፒከር ይቅር። የዚህ ሙዚቃ ግማሹ ቤዝ ነው፤ የስልክ ስፒከር ደግሞ ቤዙን ይበላዋል። እዚህ ጅማ መርካቶ የሚሸጠው ርካሽ ኢርፎንም ይበቃል፣ ጆሮ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ከገባ።

ቀጥሎ ዝናቡ። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሥር ቁጭ ብሎ ጃዝ መስማት ትርፉ ድካም ነው። ድራመሩ ፖል ሞሺያን በብሩሽ ሲያሻሽ ዝናቡ ድምጥማጡን ያጠፋዋል። እስኪያባራ ቡና አፍሉ። ኔትወርክ ሲኖርም ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉ። መብራት የሚሄደው እኛ ጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ይህ ሙዚቃ ኒውዮርክ በተቀረጸበት ቀንም ለአፍታ ጠፍቶ የመጀመሪያው ቅጂ ተቋርጧል።

ቀኑ እሁድ፣ ሰኔ 18 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1961። ቦታው ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባል ምድር ቤት ክለብ። ሦስቱ ሰዎች፣ ኢቫንስ በፒያኖ፣ ስኮት ላፋሮ በቤዝ፣ ሞሺያን በድራም፣ ከሰዓት ሁለቴ፣ ማታ ሦስቴ ተጫወቱ። ከዚያ አንድ ቀን ሁለት አልበም ወጣ።

ጀማሪ «ዋልትዝ ፎር ዴቢ» ከሚለው ይጀምር። የመጀመሪያው ትራክ «ማይ ፉሊሽ ሀርት» ነው፤ ዝግ ያለ፣ ጊዜ የሚሰጥ። ታናሽ ወንድሜ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለኝ። አይገባም። ይልቅ ከጀርባ ያለውን ስሙ፤ ብርጭቆ ይጋጫል፣ ሰው ያወራል። ክለቡ ውስጥ ያሉት ሰዎች ታሪክ እየተሠራ መሆኑን ማን ነግሯቸው!

ከዚያ ወደ ሌላኛው አልበም፣ «ሰንዴይ አት ዘ ቪሌጅ ቫንጋርድ»፣ እለፉና «ግሎሪያስ ስቴፕ» የሚለውን ትራክ ክፈቱ። እዚህ ጋ ፒያኖውን ተዉትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። በከተማችን ልጅ በሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ላደገ ጆሮ ይህ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። እኛ የለመድነው ቤዝ አንድ መስመር ይዞ እየደጋገመ ሌላውን ይሸከማል። ስኮት ላፋሮ ግን ጨዋታ መሃል ገብቶ ወሬ እንደሚነጥቅ ሰው ነው። ኢቫንስ ይጀምራል፣ እሱ ይመልሳል፣ አንዳንዴም ይቀድመዋል። ዜማውንም የደረሰው ራሱ ላፋሮ ነው። ከዚያ እሁድ በኋላ በ11ኛው ቀን በመኪና አደጋ ሞተ፤ ገና 25 ዓመቱ ነበር።

ፒያኖውን ለሦስተኛ ዙር አቆዩት፣ የትም አይሄድም። ቤዙ አሁንም አልሰማ ካላችሁ ጃዝ አይገባኝም ከማለታችሁ በፊት ኢርፎኑን ቀይሩ።