ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ መጥፎ ድምፅ ሲያወጣ፦ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት

በጅማ መርካቶም ሆነ በዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ የሚሸጡት ርካሽ የጆሮ ማዳመጫዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ጥቂቶቹ ከዋጋቸው በላይ ደህና ናቸው፤ ብዙዎቹ መካከለኛ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የታወቀ ስም የተለጠፈባቸው ባዶ ፕላስቲኮች ናቸው። የትኛው የቱ እንደሆነ ካርቶኑ አይነግራችሁም። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» (ኸርዝ ማለት በሰከንድ የሚደረግ ንዝረት ብዛት ነው) ጤናማ የወጣት ጆሮ የሚሰማው ወሰን ነው፤ ማዳመጫው በዚህ ወሰን ውስጥ የት ላይ ምን ያህል እንደሚደክም ካልተነገረ ቁጥሩ ጌጥ ብቻ ነው። ፍርዱ ለጆሮ ይቀራል ማለት ነው። ጆሮ ግን በቀላሉ ይታለላል፣ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ ያለው ጆሮ ውስጥ በሚገባው ጎማ፣ በስልኩ ወይም በዘፈኑ ፋይል ላይ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ከመወርወራችሁ በፊት ምልክቱን ይዛችሁ ወደ ምክንያቱ ሂዱ።

«ሱቅ ውስጥ ግሩም ነበር፣ ቤት ስገባ ጆሮዬን አደከመኝ»

ሻጩ ማዳመጫውን በራሱ ስልክ ላይ ይሰካና ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍቶ ቤዙ የሚያንጎደጉድ ዘፈን ያሰማችኋል። ውጭ ባጃጅ ይጮኻል፤ ከጎረቤት ሱቅ ድምፅ ማጉያ ይለፈልፋል። በዚህ ሁካታ መሀል ገዢን የሚማርከው የተጋነነው ማዳመጫ ነው፦ ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ ከመጠን በላይ ጎልቶ፣ የሰው ድምፅ የሚገኝበት መካከለኛው ክፍል ወደ ኋላ የተገፋበት። ጸጥታ ውስጥ ስትሰሙት ያው ማጋነን ጆሮ ያሰለቻል።

ሌላም አለ። ከሁለት ማዳመጫዎች ጥቂት ጮክ የሚለው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይመስላል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ወፍራሙን ክፍል ከመካከለኛው አብልጦ ያጣዋል፤ ሲጨምር ደግሞ መልሶ ያገኘዋል። ሻጩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ «ቤዝ አለው» የምንለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መፍትሄው የራሳችሁን ስልክና በቃላችሁ የምታውቁትን ዘፈን ይዞ መሄድ ነው። ወደ ሱቁ ውስጥ ጠለቅ በሉ። ሁለት ማዳመጫዎችን ስታፈራርቁ በመጀመሪያ የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱም እኩል እስኪሰማ ድረስ መጠኑን አስተካክሉ፤ ማወዳደር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከበሮው ሲመታ ምቱ ቶሎ ይቆማል ወይስ እያጉረመረመ ቀጣዩን ምት ይሸፍናል? ክራሩ ላይ ጣት ክሩን የለቀቀበት ቅጽበት ይለያል? የማሲንቆው ጭራ ፍትጊያ ይሰማል ወይስ ለስልሶ ጠፍቷል? ለቀጭኑ ድምፅ የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን (በዱላ የሚመታው ባለ ብረት መሣሪያ) ግሩም መፈተኛ ነው፤ እሱም የጅማ ተወላጅ ስለሆነ በምርጫዬ እዚህ ከተማ የሚቆጣኝ አይኖርም። የብረቱ ድምፅ እየከሰመ ሲሄድ እስከ መጨረሻው መከተል ከቻላችሁ ማዳመጫው ደህና ነው።

እኔ ግን ከሙዚቃ ይልቅ የምተማመነው በንግግር ነው። በቅርብ የምታውቁት ሰው «ሰባ ሰባት ሻይ፣ ጸጉር፣ ጠጠር፣ ጨጨብሳ» እያለ ሲናገር በስልካችሁ ቅዱትና አዳምጡት። ዘፈኑ ስቱዲዮ ውስጥ ምን እንደተደረገበት አታውቁም፤ የጓደኛችሁን ድምፅ ግን ታውቃላችሁ። «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ የሚወጉ ከሆነ ቀጭኑ ድምፅ ተጋንኗል። «ጠ» እና «ጨ» ደብዝዘው ከ«ተ» እና ከ«ቸ» ካልተለዩ ማዳመጫው ዝርዝር ይውጣል።

«ቤዝ የለውም፤ ድምፁ ቀጭንና ባዶ ነው»

ዕቃው ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኢርፎን ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጎማው ነው። ውስጥ ያለችው ትንሽ ሽፋን ወፍራም ድምፅ የምትፈጥረው በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የታፈነውን አየር እየገፋችና እየሳበች ነው፤ በጎማው ጠርዝ ቀዳዳ ካለ ያ ግፊት ያመልጣል፣ የሚቀረው ቀጭኑ ብቻ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሁለቱንም በጣት ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ጫን በሉ። ቤዙ ወዲያው ከመጣ ማዳመጫው ንጹሕ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ የሚመጡትን ትርፍ ጎማዎች ብዙ ሰው ሳያያቸው ይጥላቸዋል። ሞክሯቸው። የሁለቱ ጆሮዎቻችሁ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ስለሚችል በቀኝ መካከለኛውን፣ በግራ ትልቁን ማድረግ ነውር የለውም። ስታስገቡ በሌላው እጃችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት፤ ቀዳዳው ይቃናል። ከላይ የሚደፋ ሄድፎን ከሆነ ደግሞ የመነጽር እጀታ፣ ወፍራም ሹሩባ፣ ሻሽ ወይም ሂጃብ በትራሱና በጆሮ መካከል ሲገባ ተመሳሳይ ክፍተት ይፈጥራል። ለሂጃብ ለባሽ ኢርፎን ይሻላል፤ ሄድፎን ካስፈለገ ትራሱ ከጨርቁ ሥር ይዋል።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቤዙ የጠፋባችሁ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። የሞተሩ ጉርምርምታ ራሱ ወፍራም ድምፅ ስለሆነ የዘፈኑን ይሸፍነዋል። መኪናው የግቤን ቁልቁለት እስኪጨርስ ድምፁን እየጨመሩ መሄድ የተለመደ ነው፤ ጉዳት ግን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ወሰን በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) በሳምንት 40 ሰዓት ነው፣ ድምፁ በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያጥራል። ከስፖንጅ የተሠራ ጎማ ብትገዙ የውጭውን ጫጫታ ይቀንስላችኋል፤ በዝቅተኛ ድምፅም ትሰማላችሁ።

«ሙዚቃው አለ፣ ዘፋኙ ግን ርቋል»

ሰው በጣም የሚደናገርበት ብልሽት ይህ ነው፤ መፍትሄው ግን ብዙ ጊዜ ነጻ ነው። ዘፋኙ ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚጮኽ ይመስላል፤ ዳር ዳር ያሉት መሣሪያዎች ግን ይሰማሉ። ምክንያቱ ለግራና ለቀኝ የጋራ የሆነው የመመለሻ ሽቦ ግንኙነት መቋረጡ ነው። ያ ሲቋረጥ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ጎን ማዳመጫ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ የሚሰማው የግራና የቀኝ ልዩነት ብቻ ይሆናል። የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚቀዳ እርስ በርሱ ተሰራርዞ ይጠፋል።

መሰኪያውን እስከ መጨረሻው ግፉት፤ የስልኩ ሽፋን ወፍራም ከሆነ አውልቃችሁ ሞክሩ። አሁንም ካልሆነ የስልኩ ቀዳዳ ውስጥ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆ ይሆናል። ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ መርፌ አታስገቡ። የመሰኪያውን ብረት ጥቂት አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉ። የማይክሮፎኑን ቁልፍ ስትጫኑ ዘፋኙ ተመልሶ የሚመጣ፣ ስትለቁት የሚጠፋ ከሆነ የማዳመጫው ሽቦ አደራደር ከስልካችሁ ጋር አይስማማም፤ ይህን ጽዳት አያድነውም፣ ለውጡት።

«አንዱ ጎን ደከመ»

በመጀመሪያ ግራውን በቀኝ ጆሮ፣ ቀኙን በግራ ጆሮ አድርጉ። ድካሙ ከማዳመጫው ጋር ከተዘዋወረ ጥፋቱ የዕቃው ወይም የስልኩ ነው፤ በዚያው ጆሯችሁ ላይ ከቀረ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጆሯችሁን አሳዩ፣ የጆሮ ኩክ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ በስልኩ ቅንብር ውስጥ በተደራሽነት (Accessibility) ሥር የግራና የቀኝ ሚዛን የሚያስተካክል መስመር አለ፤ ሳይታወቅ ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሦስተኛ፣ ጎማውን አውልቃችሁ ወንፊቷን ተመልከቱ። ኩክ ከደፈናት ወንፊቷን ወደ መሬት ደፍታችሁ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ፤ ቀና አድርጋችሁ ብትጠርጉ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ትልኩታላችሁ።

ባለ ሽቦ ከሆነና ድምፁ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ በመሰኪያው አንገትና ሽቦው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ እያጠፋችሁ ፈትሹ። መሰኪያው ጋ ከሆነ ጠጋኝ ቆርጦ በአዲስ መሰኪያ ይበይደዋል። ከተበየደ በኋላ ሁለቱም ጎን እየሠራ ዘፋኙ መሀል ካልቆመና ቤዙ ከጠፋ፣ ሽቦው ሲበየድ በአንዱ ጎን ተገለባብጧል ማለት ነው፤ ሁለቱን ሽቦዎች ቦታ እንዲያቀያይር ንገሩት።

«በብሉቱዝ ሲሆን በድንገት የስልክ ጥሪ ይመስላል»

ብሉቱዝ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ለሙዚቃ ነው፤ ሰፊና ባለ ሁለት ወገን ነው። ሌላው ለጥሪ ነው፤ ማይክሮፎኑን ስለሚያስከፍት ጠባብና ባለ አንድ ወገን ነው፣ በአሮጌው አሠራር ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ አያልፍበትም። ማይክሮፎን የሚጠቀም ጨዋታ ወይም የስብሰባ መተግበሪያ ሲከፈት ስልኩ ወደ ጠባቡ መንገድ ይገባል። ዝጉት፤ ድምፁ ይመለሳል። በዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በላፕቶፕ ትምህርት የምትከታተሉ፣ በድምፅ ቅንብር ውስጥ ማይክሮፎኑን የላፕቶፑን ምረጡ፣ ማዳመጫውን ለመስማት ብቻ ተዉት።

ስልኩ ኪስ ውስጥ ሲገባ የሚቆራረጥ ከሆነ ሰውነታችሁ ነው፤ ብሉቱዝ የሚሠራበትን 2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ይመጥጣል። ስልኩን ከእሱ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ዋናው ኢርፎን ወዳለበት ወገን ኪስ አዛውሩት።

«ጭብጨባውና ጸናጽሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል»

ይህ ማዳመጫውን አይመለከትም። ዘፈኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ደጋግሞ ተጨምቋል፣ ወይም የምትሰሙበት መተግበሪያ ዳታ ቆጣቢው በርቷል። በሰከንድ 64 ኪሎቢት ብቻ የሆነ ፋይል ላይ ጥሩ ማዳመጫ ይልቁንም ጉዳቱን ያጎላዋል። የተሻለ ቅጂ ፈልጉ። የድሮ የሸክላ ቅጂዎች ላይ ግን ቀጭኑ ድምፅ ቢጎድል አትገረሙ፤ ሲቀዱም አልነበረም።

«ከፍ ሳደርገው ይሰነጣጠቃል»

የቤዝ ማጎያውን አጥፉት። ስልኩ ድምፁን አስቀድሞ እስከ ጣሪያው ስላደረሰው ተጨማሪ ቦታ የለውም፣ ጫፉ ይቆረጣል። ቤዝ የምትወዱ ከሆነ በድምፅ ማስተካከያው (ኢኳላይዘር) ላይ ሌሎቹን መስመሮች ዝቅ አድርጋችሁ አጠቃላይ ድምፁን ጨምሩ፤ ውጤቱ ያው ነው፣ ስንጥቁ ግን አይኖርም።

«በታይፕ ሲ መለወጫ ምንም ድምፅ የለም»

አንዳንድ ስልኮች በዚያ ቀዳዳ ዲጂታል ድምፅ ብቻ ይልካሉ። የሚያስፈልገው ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ቺፕ በውስጡ ያለው መለወጫ ነው። ርካሾቹ ሽቦ ብቻ ናቸው፤ በስልካችሁ ሞክራችሁ ግዙ።

እውነተኛው የማዳመጫ ጉድለት

ይህ ሁሉ ተፈትሾ የቀረ ነገር ካለ ጥፋቱ የዕቃው ነው። ከ20 ኸርዝ ጀምሮ እየቀጠነ የሚሄድ ነጠላ ድምፅ የሚያጫውት ነጻ መተግበሪያ አውርዱና በመጠነኛ ድምፅ አዳምጡት። በአንድ ቦታ ብቻ ዝዝ የሚል ንዝረት ከሰማችሁ ሽፋኗ ላልታለች ወይም ፀጉር ነክቷታል። አዲስ ሆኖ የግራና የቀኝ ጥንካሬ ካልተመጣጠነም እንደዚያው። ሁለቱም በቤት አይታከሙም። ደረሰኙንና ካርቶኑን ይዛችሁ በማግስቱ ተመለሱ፤ ከሻጩ ጋር ስለ ጥራት አትከራከሩ፣ የእናንተንና ያንኑ ዓይነት ሌላ ማዳመጫ በራሱ ስልክ ላይ ሰክቶ ያን ንዝረት እንዲሰማ ጠይቁት።